እስከ ሰኞ ጊዜ አለው

ደብረ ማርቆስ

ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ሥራ ከጀመርኩ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለቢሮው ነበር፤ አሠሪዬ ጠበቃው አቶ መንበሩ «ይሄ የተማሪ ነው፣ ለመዝገብ አይሆንም» ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ የእኔ ሆነ። ማታ የማወራው ሰው ስለሌለኝ እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

የሥራዬ ስም የጠበቃ ረዳት ነው። የሕግ ዲፕሎማዬን ይዤ ዓመት ከሦስት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን የሚሰጥ ግን አላገኘሁም። አቶ መንበሩ «ለጀማሪ የምከፍለው ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። አራት ወር ሙከራ፣ ከዚያ አይቼ እጨምራለሁ» ሲሉኝ ሳላቅማማ ፈረምኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት በዳኝነት የሠሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ሥር መማሩ ራሱ እንደ ደመወዝ ነው ብዬ ለምናለ ነገርኩት።

ምናለ ባሌ ነው። መርጡለ ማርያም ያስተምራል። ከተጋባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን፤ አንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው ግን አምስት ወር ብቻ ነው። የተስማማነው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ወይ እኔ እንድሄድ ወይ እሱ እንዲመጣ ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

መርጡለ ማርያም አልሄድኩም። ጸጋው ሥራ ለቀቀ። የቢሮው ጽሕፈት ሁሉ በእሱ እጅ ነበር። ዕቃውን እየሰበሰበ «ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ደስታነሽ። ግን አንቺ በቃኝ ካላልሽ በቃሽ አይሉሽም» አለኝ።

አቶ መንበሩ ሌላ ሰው እስኪገኝ ጽሕፈቱንም እኔ እንድይዘው ነገሩኝ። «ለጊዜው ነው» አሉ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬም ቢሮ። ከሰዓት በኋላ አንዲት መነኩሴ መጡ፤ እማሆይ ወለተ ኪዳን ይባላሉ፣ ከዲማ ነው የመጡት። ከባላቸው የቀረ ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው። አበረ የሚባል ሰው ዘጠኝ ዓመት በእኩል ሲያርስላቸው ኖሮ፣ አምና መሬቱን በስጦታ ሰጥተውኛል የሚል ወረቀት አወጣ። ከወረቀቱ ግርጌ የእማሆይ የጣት አሻራ አለ። እሳቸው የሚሉት፣ አበረ የማዳበሪያ ብድር ወረቀት ነው ብሎ እንዳስፈረማቸው ነው።

«ጣቱ የእኔ ነው፣ ወረቀቱ ግን የእሱ ነው» አሉ ለአቶ መንበሩ።

የወረዳው ፍርድ ቤት ለአበረ ፈርዷል። አቶ መንበሩ ፍርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ይሄ ፍርድ በይግባኝ ይሻራል» አሉ። እንዲህ እርግጠኛ ሆነው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ምስክሮቹ ስለ ወረቀቱ የተናገሩት እርስ በርሱ የማይገናኝ ነው። ይግባኙ እዚሁ ማርቆስ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት በስድሳ ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቀኑን ቆጥሬ ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ታኅሣሥ 14 ብዬ አስገባሁ። ሲመሽ ዓይኔ እንባ እያቀረረ ነው የሠራሁት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሣሁም ነበር።

እማሆይ ሲወጡ «ምሳ በልተሻል ልጄ?» አሉኝ። በልቻለሁ አልኳቸው።

ጥቅምት 27

ሁለት መልስ፣ አንድ ክስ፣ ዐሥራ አራት ገጽ ግልባጭ። መብራት ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ምናለ ትናንት መጥቶ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ ብዬው ነበር፤ የወጣሁት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቤት ስደርስ ሽሮውን ሠርቶ፣ ቀዝቅዞበት፣ እንደገና አሙቆ፣ እንደገና ቀዝቅዞበት ጠበቀኝ።

«ውሉ ቅዳሜንም ይላል?» አለኝ።

«ለጊዜው ነው» አልኩት።

«አንቺን ስጠይቅ ለምን ሌላ ሰው ይመልስልኛል?» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እየበላሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነቃ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

ደመወዜ ከአስተማሪ ደመወዝ ግማሽ እንደማይሞላ አንሥቶ አያውቅም። ይህን ልጽፍለት እፈልጋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው።

ኅዳር 18

የምናለ ደብዳቤ ከመኪና ረዳት ጋር መጣ። አንድ ገጽ። ወለላ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ አለች፤ ወጪ ለመቆጠብ እሷ ጋ እየከፈለ መብላት ጀምሯል። ጥሩ ነው። ብቻውን ዳቦና ሻይ እያለ ጨጓራው ሊነሣበት ነበር።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አቶ መንበሩ ከአንድ ጠበቃ ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። «አይ፣ ታይፒስት አልቀጠርኩም። ምን አስቸኮለኝ? ልጅቱ የሁለቱንም ትሠራለች፣ ጠንካራ ናት» አሉና ሳቁ።

ጠንካራ ናት ማለታቸው ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ኅዳር 29

ከሳሹን ተከሳሽ፣ ተከሳሹን ከሳሽ አድርጌ ስድስት ገጽ ጽፌያለሁ። አቶ መንበሩ ችሎት ሊገቡ ሲሉ አዩት። አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው «ታመሻል?» አሉኝ። የለም አልኩ። «እኔ በአንቺ ዕድሜ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ እጽፍ ነበር» አሉ።

እኔ ምን ሆኜ ነው? ሌላው ሲችል የማልችለው ለምንድን ነው?

ታኅሣሥ 4

የምናለ ወረቀት። ሦስት መስመር። «በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ነይ። በአካል የምነግርሽ አለ። እባክሽ አትቅሪ።»

ዝውውር አግኝቶ ይሆናል። ማርቆስ ከተዛወረ ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ፣ ቢቸና

የማድረው እዚህ ነው፤ ነገ ማለዳ መርጡለ ማርያም እገባለሁ።

አቶ መንበሩ ለባሕር ዳር ቀጠሮ ትናንት ሄደዋል። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «የእማሆይ ይግባኝ አልቋል አይደል? ነገ አስገቢው» አሉኝ።

«እስከ ሰኞ ጊዜ አለው» አልኳቸው።

«ቆጥረሽዋል?»

«አዎን።»

ሌላ አልጠየቁኝም። አምነውኛል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ላስገባው አስቤ ነበር። ግን ቴምብር መግዛት አለ፣ የሬጅስትራሩ ሰልፍ አለ፣ መኪናው ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክዬ፣ ቢሮውን ቆልፌ ወጣሁ። ለምናለ ሹራብ ገዝቼለታለሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ላየው ነው።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ፣ መኪና ላይ

ቤቱ ንጹሕ ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ማን ሰፋልህ አልኩት፤ ወለላ አለኝ። ቅዳሜ ምሳ ራሷ ይዛልን መጣች። ቀና ብላ ሳታየኝ ነው እንኳን ደህና መጣሽ ያለችኝ። ሳህኑንና የጨው ዕቃውን የት አለ ብላ ሳትጠይቅ አወጣች። ደግ ሰው ናት።

ዝውውር አይደለም። ማታ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።

ሹራቡ ልኩ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሬጅስትራር ነበርኩ። ሠራተኛዋ ሄለን አብራኝ የተማረች ናት። ማመልከቻውን ተቀብላ ግልባጩን ገለጠች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ደስታ፣ ፍርዱ የተሰጠው ጥቅምት 11 ነው።»

«14» አልኳት።

«14 ግልባጩ ሲሰጥ የተመታው ማኅተም ነው። ይሄው 11። ስድሳው ቀን ዓርብ ሞላ።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓርብ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እዚሁ ነበርኩ» አለችኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ቆሜ ቆጠርኩ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ገፉኝ።

አቶ መንበሩ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ሲገቡ ነገርኳቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። መዝገቡን ገልጠው አዩና «እኔም አላየሁትም» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ጊዜው ያለፈ ይግባኝ በቂ ምክንያት ካለ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድ ይችላል። ነገር ግን የጠበቃ ወይም የጠበቃ ጸሐፊ ጥፋት በቂ ምክንያት አይሆንም። ይህንን ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ያን ጊዜ የጠበቃ ጸሐፊ ሲል ሰው አድርጌ አላሰብኩትም ነበር።

ስለዚህ እውነቱን ብንናገር እማሆይ ይሸነፋሉ። አቶ መንበሩ የሚሉት፣ እማሆይ ከታኅሣሥ 9 እስከ 13 ታመው አልጋ ላይ ነበሩ ብለን በቃለ መሐላ እናቅርብ ነው። የሕክምና ወረቀት የሚሰጥ ሰው ያውቃሉ። «ለእሳቸው ብለን ነው» አሉኝ። ቃለ መሐላውን ጻፍኩ። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

እማሆይ መጡ። አቶ መንበሩ ራሳቸው አነበቡላቸው። እማሆይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የታመመችው ማናት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት፣ እማሆይ። ለወጉ ነው።»

«እኔ አልታመምኩም። ዓርብ ዕለት እዚሁ መጥቼ ነበር። እዚሁ ማርቆስ፣ በቅሎ ቤት ሰፈር ያለችው ዘመዴ ጋ አድሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣሁ። ተዘግቶ ነበር። ደረጃው ላይ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስሁ።»

እኔ ያን ሰዓት መኪና ውስጥ ነበርኩ።

አቶ መንበሩ መሬቱ ሊሄድ መሆኑን፣ ይህች አንዲት ወረቀት ብቻ እንደቀረች በደንብ አስረዷቸው። አልዋሹም፣ አልገፉም። እማሆይ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«በሐሰት ወረቀት መሬቴን ወሰደ ብዬ ነው የከሰስሁት። አሁን በሐሰት ወረቀት ላስመልሰው? ይህን የማደርገው ቆቤን ካወለቅሁ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ጥፋቱ የእኔው ነው። ዓርብ እስኪመሽ ብቀመጥ ኖሮ አንዳችሁ ትመጡ ነበር» አሉ።

አቶ መንበሩ አዩኝ። እኔ ኮምፒውተሩን አየሁ።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ለእማሆይ እውነቱን ልነግራቸው ነው እያልኩ ዋልኩ። በየት አግኝቼ? ዲማ ድረስ ልሄድ ነው? ሰበብ ነው። ሐሙስ ሲወጡ ተከትዬ ደረጃው ላይ ልነግራቸው እችል ነበር።

ቢነገራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? አቶ መንበሩ የሚሉት ይህንን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ሆኗል።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

እማሆይ ምን ተደረገ ብለው ለመጠየቅ መጡ። አቶ መንበሩ ችሎት ነበሩ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ እኔ ቆሜ ነገርኳቸው። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ አስገቢው ተብዬ እንዳላስገባሁት፣ ዓርብ በሩን ቆልፌ ባሌ ዘንድ እንደሄድኩ። መድከሜን ላነሣ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።



«ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«ከባለፈው ሰኞ በፊት ካለው ሰኞ።»

«ዐሥር ቀን» አሉ።

ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ራሳቸው ተነሡ።

ጥር 5፣ ሰኞ

አቶ መንበሩ የእማሆይን እርጅናና የመንገዱን ርቀት ጠቅሰው የማስፈቀጃ ማመልከቻ አስገብተው ነበር። ዛሬ ውድቅ ተደረገ። ትእዛዙ አራት መስመር ነው። መዝገቡ ላይ ቀይ መስመር አስምሬ ዘጋሁት። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ፣ የውርስ ጉዳይ ነው፣ ጻፍኩለት።

ጥር 14

የምናለ ታላቅ ወንድም መጣ። ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። ጋቢዬን፣ የሠርጋችንን ፎቶ፣ ያንን ሹራብ በፌስታል አስቀመጠልኝ። ሹራቡ አልተለበሰም።

እንግዲህ ልጻፈው። ታኅሣሥ 12 ማታ ምናለ ያለኝ ይህ ነው፦ «እኔ ባል ያለኝ ሚስት አላገኘሁም፤ ቢሮ የሚያከራያት ሴት ነው ያገኘሁት። ወለላ ፀንሳለች።» የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሲናገር አፉ ተሳስሮበት ነው እንዲያ የተናገረው፤ ሊያርመው ሞከረ፣ አልቻለም። ሁለተኛውን ግን በትክክል ነው የተናገረው።

ያን ሌሊት ስለ እማሆይ ይግባኝ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ጥር 26፣ ሰኞ

የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ ከሳምንት በላይ ሆኖታል። አቶ መንበሩ በፖስታ አድርገው ደብዳቤ ሰጡኝ። ቋሚ ሆኛለሁ፤ ደመወዜ አምስት መቶ ገብቷል። «የባለፈውን ነገር ከእኛ ሌላ ማንም ማወቅ አያስፈልገውም። ሁሉም ጀማሪ አንድ መዝገብ ያበላሻል» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። አመስግኜ ተቀበልኩ። ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ጻፍኩ።

ጥር 30፣ ዓርብ

እማሆይ ጠይቀው ጠይቀው ቤቴን አገኙት። ደጅ ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገቡም።

አበረ መሬቱን እያረሰ ነው። ለመስኖ ሽንኩርት እያዘጋጀው እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሌሎች መነኮሳት ጋር ተጠግተዋል።

«አንድ ሰው ጠበቃሽን መክሰስ ትችያለሽ፣ ያጎደለብሽን ይክፈል አለኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ምስክር ያሻዋል አለኝ።»

«አዎን፣ ያሻዋል።»

«እንግዲያስ ጻፊው። ስምሽንም ጻፊ።»

ደጃፉ ላይ በርጩማ አወጣሁላቸው፤ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። ምስክር በሚለው ሥር የራሴን ስም ከነአባቴና ከነአያቴ አሰፈርኩ። ሲያልቅ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰሙና «ሌላ ሰው ደግሞ ያንብብልኝ» አሉ። የጎረቤት ተማሪ ጠርቼ አነበበላቸው። ቃል በቃል አንድ መሆኑን ሲያውቁ ነው ጣታቸውን ያሳረፉት።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሌላ ሰው ሳይነግራቸው በፊት ራሴ ለአቶ መንበሩ ነገርኳቸው። የክሱን ግልባጭ አነበቡ።

«አጻጻፉን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎን፣ እርስዎ ነዎት።»

«ቁልፉን አስቀምጪ።»

አስቀመጥኩት። በሩ ጋ ስደርስ «ሰው መቅጠር ነበረብኝ» ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። የልምድ ማስረጃ አልጠየቅኋቸውም።

የካቲት 19

አቶ መንበሩ ነገሩ ችሎት ሳይደርስ ሽማግሌ ላኩ። እማሆይ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየዓመቱ አራት ኩንታል ጤፍ ሊሰጧቸው ተዋዋሉ። መሬቱ የአበረ ሆኖ ቀረ። በእርቁ ቀን እኔም ተጠርቼ ነበር። እማሆይ ከሁሉም ጋር ሰላም ተባባሉ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን አስነኩኝ። ይቅርታ ይሁን ሥርዓት ልለየው አልቻልኩም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አጠገብ ጠረጴዛ አውጥቻለሁ። ነባሮቹ ጸሐፊዎች መጀመሪያ ሊያስነሡኝ ነበር፤ ሄለን ተናገረችልኝ። ቀን ያለበት ጉዳይ ሲመጣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ባለጉዳዮች ይሰለቹብኛል።

ፍርድ ቤቱ ሲዘጋ የእኔም ሥራ ያበቃል። ዛሬ ደግሞ ባለጉዳይ ስላልነበረ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ ነበረች። ቤቱን ጠረግሁ፣ ልብስ አጠብሁ፣ ሽሮ ሠራሁ። አሁንም አልመሸም። በሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። የሚመጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።